ያለቀሰው ግንድ እና የቆረጥናቸው ወይራዎች

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለዘረጋት፣ ተራሮችን በላይዋ ላጸና፣ ከሰማይም ውሃ አውርዶ ዕፅዋትን ላበቀለባት ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ግጥምና ስለ ስምንት ዛፎች ነው። ግጥሙን ስናነብ አልቅሰናል። ዛፎቹ ሲቆረጡ ግን ዝም ብለናል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶናል። ምናልባት በየአካባቢያችሁ ተመሳሳይ ነገር ቢኖር፣ እኛ ከስህተቱ በኋላ የነቃነውን እናንተ ከስህተቱ በፊት ትነቁበት ዘንድ ልንነግራችሁ ወደድን።

ልጅ ሳለን ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀራነው በዛፍ ሥር ነበር። ሸኻችን ቁርበታቸውን ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ያነጥፋሉ፤ እኛ ደረሶች ደግሞ ለውሐችንን ይዘን ዙሪያቸውን እንቀመጣለን። ፀሐዩዋ ስትዞር ጥላው ይዞራል፤ እኛም ከጥላው ጋር እንዞራለን። መፋቂያችን ከዚያው ከወይራው ነበር። ሆኖም መፋቂያ ለመቁረጥ የፈለገ ደረሳ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነበረበት። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን እየተጫወተ ቅጠሉን ሲሸመጥጥ ሸኹ አዩትና “አንተ ልጅ፣ ተስቢሕ ላይ ያለን ፍጡር ለምን ታውከዋለህ?” አሉት። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማታ ማታ ደግሞ መንዙማ ነበር። በአማርኛና በዐረብኛ ተሰባጥሮ የሚባለው የወሎ መንዙማ በአብዛኛው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዳሴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በውዳሴው ውስጥ ግን ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ ግመሉም፣ ደመናውም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፅ የኖሩት ኢማም አል-ቡሲሪ በጻፉት ቡርዳ ላይም ዛፎች የነቢዩን ጥሪ ሰምተው መምጣታቸው ይወሳል። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ለጆሯችን ዜማ ነበር። ትርጉሙን የተረዳነው በጣም ዘግይተን ነው።

ከመድረሳ በኋላ አላህ ፈቅዶልን ኮሌጅ ገባን። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም አገኘን፤ መስነዊ የሚባለው፣ በ672 ዓመተ ሂጅራ ኮንያ ውስጥ ያረፉት የመውላና ጀላሉዲን ሩሚ ሥራ ነው። ስድስት ክፍል ያለው ትልቅ የግጥም መጽሐፍ ነው። የሚጀምረው በሸምበቆ ዋሽንት ነው። ሸምበቆው ከበቀለበት ረግረግ ተቆርጦ መጥቷል፤ ሰዎች ዜማ የሚሉት ድምፁ በእርሱ ዘንድ የመለየት እሮሮ ነው። ገጣሚው በዚህ የሰውን ነፍስ ወደ ጌታዋ ያላትን ናፍቆት መግለጻቸው ነው። እኛ ግን፣ ምናልባት የገጠር ልጆች ስለሆንን፣ መጀመሪያ የታየን ነፍስ ሳይሆን ሸምበቆው ራሱ ነበር። የተቆረጠ ነገር ሁሉ የተነሳበት ቦታ አለው ለካ ብለን አሰብን።

በዚያው መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለቀሰውን ግንድ ታሪክ አገኘነው። ይህን ታሪክ ከሸኻችንም ሰምተነዋል። መሠረቱ ሶሒሕ ሐዲስ ነው፤ ቡኻሪ ከጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና መስጂዳቸው ለጁሙዓ ኹጥባ ሲቆሙ በአንድ የተምር ግንድ ላይ ይደገፉ ነበር። በኋላ ሚንበር ተሠራላቸውና የጁሙዓ ዕለት ግንዱን አልፈው ወደ ሚንበሩ ወጡ። ያኔ ግንዱ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። በመስጂዱ የነበሩት ሁሉ ሰሙት። ነቢዩም ከሚንበሩ ወርደው አቀፉት፤ ሕፃን እንደሚባበል ሁሉ እስኪረጋጋ ድረስ ያዙት። ያለቀሰውም እአጠገቡ ይሰማው የነበረው ዚክር ስለቀረበት መሆኑን ተናገሩ።

ወገኖቻችን! እስቲ ይህን ነገር ልብ እንበል። ግንዱ የተቆረጠ ነው። ቅጠል የለው፣ ፍሬ አይሰጥ፣ ጥላ የለው። በሰው ዓይን ማገዶ ነው። የአላህ መልእክተኛ ግን የሚያዳምጣቸውን ሕዝብ አስጠብቀው ለእርሱ ከሚንበር ወረዱ። ታላቁ ታቢዒይ ሐሰን አል-በስሪ ይህን ሐዲስ ባወሩ ቁጥር ያለቅሱ ነበር፤ እንጨት እንዲህ ከናፈቃቸው እኛ ይበልጥ ልንናፍቃቸው ይገባ ነበር እያሉ።

ሩሚ በግጥማቸው ታሪኩን አስፍተው ይተርኩታል። በእርሳቸው አተራረክ ግንዱ ምርጫ ይቀርብለታል፦ ምሥራቅና ምዕራብ ከፍሬው የሚለቅሙት ተምር ይሁን ወይስ በወዲያኛው ዓለም ለዘላለም ለምለም ሆኖ ይኑር? ግንዱም የማያልፈውን ይመርጣል። ከዚያም በቂያማ ቀን እንደ ሰው ይነሳ ዘንድ በአፈር ውስጥ ይቀበራል። ይህ የገጣሚ አተራረክ መሆኑን፣ በቡኻሪ ካለው ዘገባ ጋር በአንድ ደረጃ የማይቀመጥ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ግንድ ሲቀበር፣ ሰዎችም ቆመው አፈር ሲያለብሱት በዓይነ ሕሊናችን ታየንና በዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንባችን መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ዛፍ በከንቱ አንነካም ብለን ለራሳችን ቃል ገባን።

ዓመታት አለፉ። የአንድ ከተማ መስጂድ ኢማም ሆንን። ከመስጂዱ በስተጀርባ፣ በተዳፋቱ ላይ፣ አሮጌ የቀብር ስፍራ አለ። በስፍራው ላይ አምስት ወይራና ሦስት ጥድ ነበሩ። ማን እንደተከላቸው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ጥድ በቶሎ የሚያድግ ዛፍ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ያን ያህል እስኪወፍር የአንድ ሰው ዕድሜ ያልቃል። ወይራችንም ቢሆን አላህ በአት-ቲን ምዕራፍ የማለበት የዘይቱን የቅርብ ዘመድ ነው።

ለቀብሩ አጥር ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረም። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንዱ ወንድም ዛፎቹ ይሸጡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ደግፎት አንድ ነገር ጨመረ፦ ከወይራዎቹ በአንዱ ላይ አንዳንድ ሴቶች ክር እንደሚያስሩ፣ ሥሩም ቡና እንደሚያፈሱ ተናገረ። “ይህ የሺርክ በር ነው፤ ሰይዲና ዑመርም ሰዎች ሲሰግዱባት የበይዐቱ ሪድዋንን ዛፍ አስቆርጠዋል” አለ። ይህ ከተባለ በኋላ ማን ይከራከራል? ለዛፍ የተሟገተ ሰው ለክሩ የተሟገተ ይመስላልና ሁሉም ዝም አለ። እኛም ኢማም ሆነን፣ ዳር ተቀምጠን፣ ያን ሁሉ ያነበብን ሰዎች ዝም አልን። ከዚያም እጃችንን አወጣን። ይህን “እኛ” እያልን የምንናገረው በኮሚቴው ላይ ለመለጠፍ አይደለም፤ በእጃችን ልክ የእኛ ድርሻ ነው።

ዛፎቹ ለአንድ የእንጨት ነጋዴ ተሸጡ። ሁለት ቀን መጥረቢያና መጋዝ ሲሠራ ዋለ። ወይራዎቹ ለከሰልና ለአጥር ቋሚ፣ ጥዶቹ ለጣውላ ሄዱ። አጥሩ ተሠራ። አጥሩ ዛሬም አለ፤ ያማረ አጥር ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ አንድ ጀናዛ ልንቀብር ወጣን። ሕዝቡ በጠራራው ፀሐይ ቆሞ ነበር። ቀብሩ አልቆ ዱዓ ተደርጎ ስንበታተን፣ ልጃቸውን ለመዘየር የመጡ አንዲት አሮጊት እናት ጠሩን።

“ሸኽዬ፣ ልጄን ጥላ ሥር ነበር የቀበርኩት። ዛሬ ብመጣ ፀሐይ ላይ አገኘሁት። ዛፉ ምን በደላችሁ?” አሉን።

የምንመልሰው ጠፋን። “እማማ፣ አውፍ ይበሉን” አልናቸው።

“እኔማ አውፍ ብያለሁ። ጥላውን ግን ማን ይመልሰው?” ብለው ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የባሰው መጣ። ያ ተዳፋት ሥር የሚይዘው አጥቶ ጎርፍ ቦይ አወጣበት። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ከጣለው ዝናብ በኋላ የሦስት ቀብሮች አፈር ተጠርጎ አገኘነው። አፈር ተሸክመን፣ ድንጋይ ደርድረን ሙታኖቻችንን ዳግመኛ ሸፈንን። አካፋውን ይዘን በቆምንበት ያ በግጥም ያነበብነው የግንድ ቀብር ትዝ አለን። በግጥሙ ሰዎች ለግንድ ቀብር ቆፈሩለት። እኛ ግን ግንዱን ሸጠን የሰውን ቀብር ከፈትን።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ ኪታቦቻችን ተመለስን። አስቀድመን ልናደርገው ይገባን የነበረውን ዘግይተን አደረግነው። ምን አገኘን?

አንደኛ፣ የዑመር (ረ.ዐ) ጉዳይ። ዛፏን አስቆርጠዋል የሚለው ዘገባ በኢብን ሰዕድ ጠበቃት ላይ አለ። በቡኻሪ ላይ ደግሞ በበይዐው የነበሩት ሶሐቦች ራሳቸው በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ ዛፏ የትኛዋ እንደነበረች መለየት እንዳልቻሉ ተዘግቧል። ዘገባውን እንዳለ ብንቀበለው እንኳ የተቆረጠችው ሰዎች ይሰግዱባት የነበረችው አንዲት ዛፍ ናት። እኛ ዘንድ ክር የታሰረው በአንዱ ወይራ ላይ ነበር፤ የቆረጥነው ግን ስምንቱንም ነው። ሰባቱ ምን አደረጉ? ክሩንስ በመቀስ ቆርጠን፣ ሴቶቹን በለሰለሰ አንደበት ማስተማር አይሻልም ነበርን? ሴቶቹ ዛሬ ክራቸውን ሌላ ቦታ ያስራሉ። ዛፉን ቆረጥነው እንጂ ድንቁርናውን አልቆረጥነውም።

ሁለተኛ፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የሁለቱ ቀብሮች ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነዋሪዎቻቸው በሚቀጡባቸው ሁለት ቀብሮች አጠገብ ሲያልፉ እርጥብ የተምር ዝንጣፊ ለሁለት ሰንጥቀው በየቀብሩ ላይ ተከሉ። እስካልደረቁ ድረስ ቅጣቱ ይቀልላቸው ዘንድ ተስፋ ማድረጋቸውን ነገሩ። ይህ ተግባር ለእርሳቸው ብቻ የተለየ ነው ወይስ ሌላውም ሊከተለው ይችላል በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ግን ከዚህ በመነሳት ከቀብር ስፍራ እርጥብ ተክልና ሣር መቁረጥ መክሩህ ነው፣ የደረቀው ግን ችግር የለውም ብለዋል። ይህን በልጅነታችን ቀርተነዋል። እጃችንን ስናወጣ ግን አላስታወስነውም።

ሦስተኛ፣ አቡ ዳውድ የዘገቡት ሲድራ ስለተባለው የቁርቁራ ዛፍ የመጣው ከባድ ዛቻ ነው። ዛፉን የቆረጠ ሰው በእሳት እንደሚቀጣ ይናገራል። አቡ ዳውድ ስለ ትርጉሙ ተጠይቀው ሲያብራሩ፣ መንገደኛና እንስሳት የሚጠለሉባትን የምድረ በዳ ዛፍ ያለ አግባብ በግፍ የቆረጠ ሰው ማለት ነው ብለዋል። እንግዲህ የጥላ ባለቤት መንገደኛው ነው፤ ላሚቱም፣ ወፏም ናት። እነርሱ ሳይጠየቁ በስብሰባ ላይ የሚሸጥ ጥላ የለም። ይዚድ ኢብን አቢ ሱፍያንን ወደ ጦር ሲልኩ አቡ በክር (ረ.ዐ) ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጥ ማዘዛቸውም በሙወጠእ ተዘግቧል። ጠላት አገር ያለ ዛፍ እንዲህ ከተጠበቀ፣ በገዛ ሙታኖቻችን ራስጌ የቆመው ምን ያህል ይበልጥ!

አራተኛውና ከሁሉ በላይ የሆነው የቁርአን ቃል ነው። በአር-ረሕማን ምዕራፍ ዕፅዋትና ዛፎች እንደሚሰግዱ ተነግሮናል። በአል-ሐጅ 18ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ አላህ ለእርሱ የሚሰግዱትን ሲዘረዝር ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ከዋክብትን፣ ተራሮችን፣ ዛፎችንና እንስሳትን ያለ ምንም ልዩነት ይጠቅሳል። ወደ ሰው ሲደርስ ግን “ብዙዎቹ” የሚል ገደብ ይመጣል። ከዛፍ የማይሰግድ የለም፤ ከሰው ግን አለ። ሸኻችን “ተስቢሕ ላይ ያለን ፍጡር” ያሉን ይህን ነበር።

ስለዚህ ውድ አድማጮች፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ስህተቶች አሉ። አንዱ ለዛፍ መስገድ ነው። እርሱ ራሱ ሰጋጅ ሆኖ ሳለ እንዴት ይሰገድለታል? ሁለተኛው ዛፍን እንደ ሙት ዕቃ መናቅ ነው። ሰጋጅ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደ ማገዶ ብቻ ይታያል? የመጀመሪያውን ስህተት ስንዋጋ ሁለተኛው ውስጥ እንዳንወድቅ መጠንቀቅ አለብን። እኛ ወድቀንበታል።

ግጥሙንስ ምን እናድርገው? በዚህ ላይ ብዙ አስበናል። አላህ በአሽ-ሹዐራእ ምዕራፍ መጨረሻ ገጣሚዎችን የሚወቅስባቸው አንዱ ምክንያት የማይሠሩትን መናገራቸው ነው። ካመኑትና መልካም ከሠሩት በስተቀር ይላል። ቀድሞ ይህን ስናነብ ወቀሳው ለገጣሚው ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ለአንባቢውም እንደሆነ ገባን። በሸምበቆው ያለቀስን፣ በግንዱ የተነካን፣ ከዚያ በኋላ ግን እጃችንን ያወጣን እኛ፣ የማይሠሩትን ከሚናገሩት ጋር ነን። ግጥም ልብን ይከፍታል፤ በተከፈተው ልብ በኩል እጅ ካልወጣ ግን እንባው እንደ ጤዛ ነው፤ ረፋድ ላይ የለም።

ይህ የአንድ ቀብር ስፍራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ ትልቅ ቃጠሎ ተነስቶ ሳምንታት ሲቆይ በሬዲዮ እንከታተል እንደነበር ትዝ ይለናል። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ተማሪዎች እሳቱን ለማጥፋት ዘምተው ነበር። በባሌ የሚገኘው የሐረና ደን የጫካ ቡና በጥላው ሥር የሚበቅልበት፣ ገበሬው ቀፎ የሚሰቅልበት ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሱት እንደ ገናሌና ወይብ ያሉ ወንዞች ቆላውን አቋርጠው ወደ ሶማሊያ ይዘልቃሉ። እላይ ደን የሚቆርጥ ሰው እታች ውዱእ የሚያደርግን ወንድሙን ውሃ ይነካል፤ ምንም እንኳ ፊቱን ባያውቀው። ጎረቤት ማለት ቤቱ ከቤታችን የተያያዘ ሰው ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ያደረግነውን እንንገራችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲገለጽ እኛም በዚያ ዘመቻ ውስጥ ነበርን። በቀብሩ ተዳፋት ላይ ስልሳ ችግኝ ተከልን፤ ፎቶ ተነሳን፤ ተክቢራ አሰማን፤ ወደ ቤታችን ገባን። በዓመቱ ስንቆጥር የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ። ሌላውን ፍየልና የበጋው ድርቀት ጨረሱት። ያማረው አጥራችን በሩ ክፍት ነበር! መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማሳደግ ግን አማና እንደሆነ ያኔ ተማርን።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ቀየርን። አንዳንዶች ቶሎ ስለሚያድግ ባሕር ዛፍ እንትከል አሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን “ከሥሩ ሣር የማያበቅል ዛፍ ተዳፋት አይዝም” አሉንና ወይራና ጥድ ተከልን። ለእያንዳንዱ የመድረሳችን ልጅ አንድ ችግኝ ሰጠነው። ከመስጂዱ መታጠቢያ የሚወርደውን የውዱእ ውሃ በቦይ ጠልፈን ወደ ጉድጓድ አስገባነው፤ ልጆቹ ከዐስር ሰላት በኋላ በጀሪካን እየቀዱ ያጠጣሉ። ልጁ ሲታመም ጓደኛው ያጠጣለታል። ዛሬ ከተከልናቸው አርባ ችግኞች ሠላሳ አንዱ ቆመዋል። ገና ከጉልበታችን ጥቂት ከፍ ቢሉ ነው። በጥላቸው የሚቀመጠው ትውልድ ገና አልተወለደም።

ሙስሊም ተክል ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ከእርሱ ቢመገብ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን አስተምረውናል። ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። የሚበላት አይኖርም፤ የሚጠለልባትም አይኖርም። እንግዲህ መትከሉ ራሱ ዒባዳ ነው ማለት ነው።

ወንድሞችና እህቶች! በየመስጂዳችሁ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ዛፍ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ዝም አትበሉ። መጀመሪያ የሚያውቁትን ዑለማዎች ጠይቁ፤ ቀጥሎ በጥላው የሚቀመጡትን ጠይቁ። እናቶች! ልጆቻችሁ ስለ ዛፍ ግጥም ሸምድደው ሲመጡ አድንቋቸው፤ ከዚያም አንድ ጣሳ ውሃ ስጧቸውና ወደ ጓሮ ላኳቸው። ግጥሙ ያኔ ያልቃል።

እኚያ እናት ባለፈው ረመዷን ወደ ቀብሩ መጥተው ነበር። በልጃቸው ራስጌ በኩል ያለችውን ትንሽ ወይራ አሳየናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ቅጠሏን ዳሰሱና “እኔ አልደርስባትም፤ እርሱ ግን ይደርስባታል” አሉ። ልጃቸውን ማለታቸው ነበር።

አላህ ሆይ! በንግግራችንና በሥራችን መካከል ያለውን ርቀት አጥብብልን። በእጃችን ያጠፋነውን በእጃችን እንድንጠግን አግዘን። ሙታኖቻችንን ማራቸው፤ ቀብራቸውንም ከጀነት ጨፌዎች አንዱ አድርግላቸው። ምድራችንን ለምለም፣ ዝናባችንንም የራሕመት ዝናብ አድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።